የቀኑ ጨዋታና የማታው ምክር

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 2 አንድ አጭር ታሪክ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የነገሥታቱን ነገር ለመከተል ስንቸኵል ሳንቆምበት እናልፈዋለን። ሳኦል ከሞተ በኋላ መንግሥት ለሁለት ተከፍሎ፥ ዳዊት በኬብሮን፥ የሳኦል ልጅ ኢያቡስቴም በመሃናይም በነበሩበት ጊዜ፥ የሁለቱ ወገን የጦር አለቆች ኢዮአብና አበኔር በገባዖን ኩሬ ወዲህና ወዲያ ተቀመጡ። ውጊያ ገና አልተጀመረም ነበር። አበኔር ግን ከሁለቱም ወገን ጐበዛዝት ተነሥተው በአለቆቻቸው ፊት እንዲጫወቱ አሳብ አቀረበ፤ ኢዮአብም ተስማማ። ከዚህ 12፥ ከዚያም 12 ተነሡ፤ እያንዳንዱም የባላንጣውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጐኑ ሻጠበት፤ ሃያ አራቱም በአንድነት ወደቁ።

በጨዋታ ስም የተጀመረው ነገር በዚያው ቀን ጦርነት ሆነ። የኢዮአብ ወንድም አሣሄል፥ እግሩ እንደ ሚዳቋ ፈጣን ነበረና፥ አበኔርን ብቻውን ተከትሎ ያባርረው ጀመር። አበኔር ሁለት ጊዜ እንዲመለስ ለመነው፤ ወጣቱ ግን ከመሮጥ በቀር ሌላ ነገር አልታየውምና በአበኔር ጦር ሞተ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአበኔር ወገን 360፥ ከዳዊት ወገንም ከአሣሄል ሌላ 19 ሰዎች ጐድለው ተገኙ። በዚያን ጊዜ አበኔር በኮረብታ ራስ ላይ ቆሞ፥ ሰይፍ ለዘላለም መብላት እንደማይገባው፥ የነገሩም ፍጻሜ መራራ እንደሚሆን ለኢዮአብ ጮኾ ተናገረ። ምክሩ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሐሰት ነው ሊለው አይችልም። ነገር ግን የማታ ምክር ነው። ጨዋታውን በቀን የጠየቀው ይኸው መካሪ ነበረ።

ይህን የጥንት ታሪክ ያሳሰበኝ በአሜሪካ አገር በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበ አንድ የሲኒማ ሥዕል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። የፊልሙ ስም «ዘ ዴሊንክዌንትስ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ጥፋተኞቹ ልጆች» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ስለ ጐረምሶች ድፍረትና ፉክክር ሲሆን፥ የተሠራውም ከታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ውጭ፥ በጥቂት ገንዘብና በግል ነው። ታላቅ ሥራ ነው ብዬ ላወድሰው አልተነሣሁም፤ የሠራውም ሰው በኋለኛው ዘመኑ ከታላላቅ ሥራዎቹ ጋር አልቈጠረውም። ነገር ግን በፊልሙ መጀመሪያና መጨረሻ የተቀጠለ አንድ ንግግር አለ፤ ያም ንግግር ቤተ ክርስቲያንን ጭምር በስሟ እየጠራ ለሥራ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ልንመረምረው ይገባል።

አስቀድሞ ዘመኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ሀብት በዛ። ከ13 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ልጆች «ቲንኤጀር» በሚል ስም እንደ አንድ የተለየ ወገን ይቈጠሩ ጀመር። የራሳቸው ሙዚቃ፥ የራሳቸው አለባበስ፥ የራሳቸው የኪስ ገንዘብ ነበራቸው፤ ብዙዎቹም መኪና ለመንዳት በቁ። ቀድሞ ልጅ ከአባቱ ዐይን ለመሰወር በእግሩ የሚሄደው መንገድ አጭር ነበረ፤ መኪና ካገኘ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ይርቃል። የልጆች ጥፋት በዛ የሚል ፍርሃትም በአገሩ ላይ ወደቀ። በ1953 ዓ.ም. የአሜሪካ ሴኔት ይህን ነገር የሚመረምር ንኡስ ኮሚቴ አቆመ። ኮሚቴው በ1954 በኒው ዮርክ ልጆች የሚያነቧቸውን የሥዕል መጽሔቶች መረመረ፤ በ1955ም በሴናተር ኢስተስ ኬፋውቨር ሰብሳቢነት በሎስ አንጀለስ ከተማ ፊልሞችን ለምርመራ አቀረበ። ልጆቻችንን ያበላሸ ማን ነው? መጽሔቱ ነውን? ሙዚቃው ነውን? ወይስ ሲኒማው? የሚል ጥያቄ በየአፉ ነበረ። የፈራ ሰው ሌባውን መጀመሪያ የሚፈልገው ከደጅ ነውና፥ ወደ ቤት ውስጥ የሚመለከተው ጥቂት ነበረ።

በዚያው ጊዜ የሲኒማው ንግድ ራሱ ተናውጦ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታላላቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ፊልም መሥራትንና ሲኒማ ቤትን ደርበው ይዘው ገበያውን መቈጣጠራቸውን የነጻ ንግድ ሕግ የሚከለክለው ነው ብሎ ስለ ፈረደባቸው፥ ቀስ በቀስ ሲኒማ ቤቶቻቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። ቴሌቪዥንም ወደየቤቱ ገባ፤ ዐዋቂው ሰው ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ማየት መረጠ። ወደ ሲኒማ መሄዱን ያላቆመው ይልቁንም ወጣቱ ሆነ፤ ሰው መኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ በሜዳ ላይ የሚመለከተው ሲኒማም በየክፍለ አገሩ ተስፋፋ። ከዚህ የተነሣ፥ ብዙ ገንዘብና ስመ ጥር ተዋናዮች የሌሏቸው ግለሰቦች ስለ ጐረምሶች ፊልም ቢሠሩ ገዢ እንደማያጡ ተረዱ። እነሆ፥ የአገር ሽማግሌዎች በአንድ አዳራሽ የልጆችን ጥፋት ሲያወግዙ፥ ነጋዴው በሌላ አዳራሽ ያንኑ ጥፋት ለልጆቹ መልሶ ይሸጥላቸው ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ከታላላቆቹ ኩባንያዎች የወጡ ሁለት ፊልሞች መንገዱን ከፈቱ። የመጀመሪያው ሪቻርድ ብሩክስ ያዘጋጀው «ብላክቦርድ ጃንግል» ነው፤ የአንድ የከተማ ትምህርት ቤት መምህር ከዐመፀኞች ተማሪዎች ጋር ያደረገውን ትግል ይናገራል። ኩባንያው ስለ ፈራ፥ ፊልሙ የተሠራው ሕዝብ ስለ ልጆች ጥፋት እንዲያስብ ነው የሚል የጽሑፍ መቅድም በመጀመሪያው ላይ አደረገበት። መቅድሙ ግን አላዳነውም፤ በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል ሊታይ ሲል በኢጣልያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ክሌር ቡዝ ሉስ ስለ ተቃወሙት ከበዓሉ ተነሣ።

ሁለተኛው ኒኮላስ ሬይ ያዘጋጀው «ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ነው፤ ትርጓሜውም «ያለ ምክንያት ያመፀ» ማለት ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ሁለት ጐረምሶች በተሰረቁ መኪናዎች ወደ ገደል አፋፍ ጐን ለጐን ይጋልባሉ፤ አስቀድሞ ከመኪናው ዘሎ የወረደ ፈሪ ይባላል። እንግሊዞችና አሜሪካውያን ፈሪን ሰው ዶሮ ይሉታልና፥ ውድድሩ «የዶሮ ሩጫ» ተብሏል። ሊታሰብ የሚገባው ግን ከሩጫው በፊት ያለው ነው። ሁለቱ ባላንጦች በገደሉ አፋፍ ቆመው ሲነጋገሩ፥ አንዱ ሌላውን እንደሚወድደው ይገልጥለታል። ታዲያ ይህን ለምን እናደርጋለን ተብሎ ሲጠየቅ፥ አንድ ነገር ማድረግ ስለማይቀር ነው ከማለት በቀር መልስ የለውም። በመካከላቸው ጥላቻ የለም፤ በዙሪያቸው ግን የሚመለከት ብዙ ወጣት ቆሟል። ይህን የተናገረው ልጅ የእጅጌው ማሰሪያ በመኪናው በር እጀታ ተይዞበት ለመውረድ ሳይችል ወደ ገደል ገባ። በገባዖን የወደቁት ሃያ አራት ወጣቶችም አንዱ ከሌላው ጋር የግል ጠብ እንደ ነበረው አልተጻፈም፤ የተጻፈው በአለቆቻቸው ፊት መነሣታቸው ነው።

የተረፈው ልጅ ወደ ቤቱ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ለአባቱና ለእናቱ ይናገራል፤ ወደ ፖሊስ ሄጄ እውነቱን ልግለጥ ይላል። ወላጆቹ ግን ዝም ማለት እንደሚሻል ይመክሩታል። ልጁ አባቱ ቆሞ አንድ ቃል እንዲናገርለት ይለምነዋል፤ አባቱም መልስ ያጣል። በፊልሙ ውስጥ ከገደሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ዝምታ ነው። ልጁን ሆኖ የሠራው ተዋናይ ጄምስ ዲን ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት መስከረም 30 ቀን 1955 ዓ.ም. በካሊፎርንያ ወደ መኪና ውድድር ሲጓዝ በመንገድ ላይ ተጋጭቶ በ24 ዓመቱ ሞተ። ወጣቱ ሁሉ አለቀሰለት፤ ብዙዎችም እርሱን መምሰል ፈለጉ።

«ዘ ዴሊንክዌንትስ» የተሠራው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ዓመት በ1956 ነው። አዘጋጁ ሮበርት አልትማን በ1925 ዓ.ም. በሚዙሪ ክፍለ አገር በካንሳስ ሲቲ ከካቶሊክ ቤተ ሰብ ተወልዶ፥ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በጦርነቱ ጊዜ በፓሲፊክ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ረዳት ነጂ ሆኖ ያገለገለ ሰው ነው። ከዚያም በተወለደበት ከተማ በካልቪን ኩባንያ ተቀጥሮ ለፋብሪካዎችና ለማኅበራት አጫጭር የትምህርት ፊልሞችን ሲሠራ ቈየ። ሙያውን የተማረው በዚያ ነው። በኋላም የሲኒማ ቤቶች ነጋዴ የሆነ የአገሩ ሰው ገንዘብ ቢያወጣለት፥ ድርሰቱን ራሱ ጽፎ፥ በከተማው መንገዶችና ቤቶች ውስጥ፥ በ63,000 ዶላር ፊልሙን ፈጸመ። ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ኩባንያ በ150,000 ዶላር ገዝቶ በ1957 ለሕዝብ አቀረበው።

የፊልሙ ነገር ይህ ነው። ስኮቲ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ጃኒስ የምትባለውን የ16 ዓመት ልጃገረድ ይወድዳል። ወላጆቿ ልጃችን ገና ልጅ ናትና ከእንግዲህ አትምጣ ብለው ያሰናብቱታል። ስኮቲ በኀዘን ብቻውን ወደ መኪና ሲኒማ ሄዶ ሳለ፥ የማያውቃቸው ጐረምሶች ከባላንጦቻቸው አንዱ መስሏቸው ይጣሉታል። ቾሊ የሚባለው የሌላው ጭፍራ አለቃ ከባልንጀሮቹ ጋር ደርሶ ያድነዋል። ይህ ቾሊ የልጅቱን ወላጆች የሚያታልልበትን ዘዴ ያቀርብለታል፤ መልካም ልብስ ለብሶ፥ ትሑት መስሎ፥ ራሱ እጮኛ ነኝ ብሎ ከቤቷ አውጥቶ ለስኮቲ ያመጣታል። በአንድ ባዶ ቤት ግብዣ ይደረጋል፤ ሁለቱ ከሄዱ በኋላም ፖሊስ ይደርሳል። ጭፍራው ስኮቲ አሳልፎ ሰጠን ብሎ ይጠረጥረዋል፤ ይዘውትም አንድ ጠርሙስ ውስኪ በግድ ያጠጡታል፤ በቤንዚን መሸጫ ሠራተኛውን በጭካኔ መትተው፥ ስኮቲን በዚያ ትተውት ይሸሻሉ። በመጨረሻም ስኮቲና ቾሊ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ስኮቲ ያሸንፋል፥ ልጅቱንም ከእጃቸው ያወጣታል።

እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። የልጅቱ ወላጆች ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የ16 ዓመት ልጅን መጠበቅ የሚገባ ነገር ነው። ጥፋታቸው «አይሆንም» ማለታቸው አይደለም፤ «አይሆንም» ብለው በሩን ከዘጉ በኋላ ለልጁ ሌላ ቃል አለመተዋቸው ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ቾሊ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባት የዘጋውን በር ጐረምሳ በሽንገላ ይከፍተዋል። ይህን ሁሉ ፊልሙ ማንም ሳይሰብክበት በታሪኩ ብቻ ያሳያል፤ ድካም ቢኖርበትም እውነቱ በዚህ ነው።

የገዛው ኩባንያ ግን ይህ በቂ ሆኖ አልታየውም። አልትማን ሳይወድድ፥ በፊልሙ መጀመሪያና መጨረሻ የማይታይ ሰው ድምፅ ጨመረበት። ድምፁም የልጆችን ጥፋት አካልን ከሚያሽመደምድ ደዌ ጋር ያመሳስለዋል፤ መድኃኒቱም ትዕግሥት፥ ርኅራኄ፥ ለወላጅና ለሕግ መታዘዝ መሆኑን ይዘረዝራል፤ ተመልካቹም ከቤተ ክርስቲያኑ ማኅበርና ከወጣቶች ማኅበር ጋር ሆኖ እንዲሠራ ይመክራል። ከዚያም መብራቱ ይበራል፤ ሕዝቡም ይወጣል።

ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ሐሰት የሆነ የለም፤ እኔም በዐውደ ምሕረት ቆሜ ተመሳሳዩን ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ታዲያ ስለ ምን ልብን አይነኩም? በቅኔ ሕግ ቢመረመር ምክንያቱ ይገለጣል። ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ ሰሙን ይቀርጻል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ በሰሙ ስፍራ ይገባል፤ መልኩንም ከሰሙ ይቀበላል። ሰሙን ለብቻው አቁሞ፥ ወርቁን በክር አስሮ በላዩ ያንጠለጠለ ተማሪ በመምህሩ ፊት ቅኔ ተቀኘሁ ሊል አይችልም። ያ ኩባንያም ያደረገው ይህን ነው። በመካከሉ ድብድቡንና መጠጡን ሸጠ፤ በሁለቱ ጫፍ ምክሩን አንጠለጠለ። ምክሩ ልጆቹን ለመጠበቅ ሳይሆን ሻጩን ከሚመረምሩት ሰዎች ወቀሳ ለመጠበቅ የተደረገ ይመስላል።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ ያለ ምክር ቢታይ ወጣቱ ክፋቱን ብቻ አይማርምን? ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አበኔርም በማታ ባይጮኽ ኖሮ ሰይፉ ሌሊቱን ሁሉ በበላ ነበር፤ በእውነትም ኢዮአብ ድምፁን ሰምቶ መለከት ነፋ፥ ሕዝቡም ማሳደዱን ተወ። ስለዚህ የማታ ምክር ፈጽሞ ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ሃያ አራቱን አላስነሣም፤ የአሣሄልም ደም በኢዮአብ ልብ ውስጥ ቀረ። ምዕራፍ 3ን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፥ ኢዮአብ አበኔርን በሰላም እንደሚያነጋግረው መስሎ በኬብሮን በር ወስዶ ገደለው። በቀን ያልተከለከለ ጨዋታ በማታ ምክር ይቆም እንደ ሆነ እንጂ አይሽርም።

ፉክክር ራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ የቅኔ ቤት ልጆች ሁላችን እናውቃለን። እኔም በልጅነቴ ቀኑን በየጥጉ ቅኔ ስንቈጥር ውለን ማታ ለነገራ ስንሰበሰብ፥ ባልንጀራዬን ለመብለጥ የነበረኝ ቅናት ከረኃቡ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ብዙ ጊዜም ነገሩ ወደ ስድብ ሊያደርስ ይቃጣ ነበር። ያዳነን ስለ ወንድማማችነት የተሰጠን ረጅም ስብከት አልነበረም። መምህራችን በመካከላችን ተቀምጠው የሁላችንን ቅኔ እኩል ይሰሙ ነበር፤ የኔን ቃል አርመው የባልንጀራዬንም ቤት ያስተካክሉ ነበር። ሁለታችንም ከእርሳቸው በታች መሆናችንን ስናውቅ፥ ከመካከላችን ማን እንደሚበልጥ የነበረን ጭንቀት ቀለለልን። የበላይ ያለው ፉክክር ትምህርት ይሆናል፤ የበላይ የሌለው ግን ገደል እስኪደርስ መቆሚያ የለውም።

የአልትማንም ኋለኛ ታሪክ ከዚህ ነገር ጋር ይስማማል። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ከጆርጅ ደብልዩ ጆርጅ ጋር ሆኖ ስለ ሟቹ ጄምስ ዲን ሕይወት «ዘ ጄምስ ዲን ስቶሪ» የሚባል ፊልም ሠራ፤ ጽሑፉንም የጻፈው ያንኑ የዶሮ ሩጫ የጻፈው ስቱዋርት ስተርን ነበረ። አልፍሬድ ሂችኮክ ሥራውን አይቶ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪኮቹ ቀጠረው። በ1970 «ማሽ» በሚባለው ፊልሙ በካን የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ በ2006 ዓ.ም. የክብር ኦስካር ተሰጥቶት በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በ81 ዓመቱ ዐረፈ። በታወቁት ፊልሞቹ ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲናገሩ ይሰማሉ፤ ከላይ ሆኖ ለሁሉ የሚፈርድ የማይታይ ድምፅ ግን በመጨረሻ አይመጣባቸውም።

ነገሩን ወደ ራሳችን ልመልሰው። ያ የማይታይ ድምፅ ቤተ ክርስቲያንን በስሟ ሲጠራ፥ የጠራት ከታሪኩ ፍጻሜ በኋላ ነው። በታሪኩ ውስጥ፥ ስኮቲ ከተዘጋው በር ተመልሶ ብቻውን በጨለማ ሲሄድ፥ አንድ ካህን ወይም አንድ ሽማግሌ በመንገዱ አልተገኘም። ይህ የፊልሙ ጕድለት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እኛስ በየከተማችን ወጣቶች በቡድን ተከፋፍለው ሲፎካከሩ የምንገኘው ወዴት ነው? በኩሬው ዳር ተቀምጠን ከምናየው ወገን ነንን? ወይስ በኮረብታው ላይ ቆመን ከምንጮኸው? ለቀብር ተጠርተን የምንሰብከው ስብከት እውነት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የሟቹ እናትም ታመሰግነናለች። ልጁ ግን አይሰማውም።

በገባዖን ጨዋታው ሲጠየቅ ኢዮአብ «አይሆንም» ብሎ ቢነሣ፥ ከዚያም በመካከላቸው ሄዶ ቢቀመጥ፥ በዚያ ቀን ታላቅ ንግግር ባላስፈለገ ነበር። ጌታችን ሰላምን የሚያደርጉትን ብፁዓን ብሏቸዋል፤ ሰላምን ማድረግም ስለ ሰላም በማታ ከመናገር ይልቅ፥ ፀሐይ ሳለች በሁለቱ መካከል መገኘትን ይጠይቃል።